ፊዚክስ ደረሳት

የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ምደባ በሚወጣበት ሰሞን በየቤቱ የሚደወለው ስልክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «እንኳን ደስ አላችሁ!» እየተባለ ጮክ ብሎ የሚወራበት ነው፤ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ሶፍትዌር የደረሳቸው ልጆች ቤት። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራበት ነው። «ምን ደረሳት?» «ፊዚክስ።» «አይዞሽ፣ ምናልባት ይቀየርላት ይሆናል።»

ይህቺን «አይዞሽ» እናንተም ሳትሰሟት አልቀራችሁም። ነቀምቴና በዙሪያዋ ባሉት የወለጋ ከተሞች ስትባል ግን ክብደቷ ይጨምራል። እዚያ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ እስኪደርስ ቤተሰብ ብዙ ከፍሏል። በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ የሰነበተባቸው ቦታዎች አሉ። በ2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ አራት እንኳ አልሞሉም። እንዲህ ያለውን ሁሉ አልፋ የገባች ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳ «ፊዚክስ ደረሰኝ» ስትል የእናትየዋ ፊት ቢጠቁር ማን ይፈርድባታል?

ነቀምቴ ያገኘኋቸው አንዲት እናት፣ ሰፈሩ «አዴ» እያለ የሚያከብራቸው፣ ነገሩን ባጭሩ ጨረሱት፦ «ሐኪም ያክማል። መሐንዲስ ይሠራል። ፊዚክስ የተማረ ሰው ግን ምን ያደርጋል?»

የዋዛ ጥያቄ አይደለም። መምህራን የሚሰጡት የተለመደ መልስ፣ «ፊዚክስ የሁሉም ነገር መሠረት ነው» የሚለው፣ እውነት ቢሆንም ለእናት አይበቃም። መሠረት መሆን እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ በዚህ ወር አንድ የምርምር መንገድ ከመነሻው እስከ ደረሰበት ልከተልላችሁ። ኳንተም ከሚባለው ሳይንስ ነው የመረጥኩት፤ መነሻው አራት ኪሎ ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኳንተም ሲባል ደንገጥ የምትሉ ካላችሁ ከቤታችሁ እንጀምር። ቡና ሲፈላ ከሰሉን እዩት። መጀመሪያ ጥቁር ነው። ሲግል ደብዛዛ ቀይ ይሆናል፤ ሲራገብ ይደምቅና ወደ ብርቱካንማ ይጠጋል። ብረት ቀጥቃጭ ቤት ብትሄዱ ብረቱ ከዚያም አልፎ ወደ ቢጫና ወደ ነጭ ሲሄድ ታያላችሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በርሊን የነበሩ ሊቃውንት ይለኩ የነበረው ይህንኑ ነው። መብራት አዲስ ነገር በነበረበት በዚያ ጊዜ የጀርመን መንግሥት የመለኪያ ተቋም አስተማማኝ የብርሃን መለኪያ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የጋለ ነገር በየሙቀቱ ምን ያህል ቀይ፣ ምን ያህል ሰማያዊ ብርሃን እንደሚረጭ በጥንቃቄ መዘገቡ። ከተጠቀሙባቸው ዕቃዎች አንዱ በኤሌክትሪክ የሚግል የፕላቲነም ቱቦ ነበር። የወለጋ ሰው ፕላቲነምን አያጣውም፤ በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ላይ ከመሬት የሚወጣው ያው ማዕድን ነው።

ልኬቱ ከዘመኑ ፊዚክስ ጋር አልገጠመም። የዘመኑ ስሌት እስከ መጨረሻው ቢገፋ ማንኛውም የጋለ ነገር፣ የቡናው ከሰል ጭምር፣ ዓይን በማያየው ከሐምራዊ ባሻገር ባለው ብርሃን ማለቂያ የሌለው ጉልበት መርጨት ነበረበት። አይረጭም። ቡና አፍልተን በሰላም እንነሣለን። በ1900 ማክስ ፕላንክ ልኬቱን የሚገልጽ ስሌት አገኘ፤ ስሌቱ የሚሠራው ግን ጉልበት እንደ ውኃ የሚፈስ ሳይሆን እንደ እህል ፍሬ በፍሬ የሚሰጥና የሚወሰድ ነው ከተባለ ብቻ ነበር። ኳንተም ማለት ይኸው ፍሬ ነው። በ1905 አንስታይን ብርሃን ራሱ በፍሬ እንደሚጓዝ አሳየ። በ1925 ሃይዘንበርግ ነገሩን ወደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ አመራው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ የሰየመውም መቶኛ ዓመቱን አስቦ ነው።

ከዚያ ሐሳብ የወጡትን ዕቃዎች ለመቁጠር ሳሎናችሁ ይበቃል። ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሉ፣ የስልኩ ቺፕ፣ በጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ፣ ኢንተርኔቱን በመስታወት ክር የሚያመጣው ሌዘር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አልቆይበትም።

እኔን የሚያስገርመኝ የአገራችን ክፍል ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ፍሥሐ ካሳሁን የሚባሉ መምህር ለዓመታት አንድ ጥያቄ ይዘው ሲሠሩ ኖረዋል። መስካቸው የብርሃን ኳንተም ጥናት ነው። ጥናቶቻቸው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በውጭ መጽሔቶች ታትመዋል፤ በ2001 ለብቻቸው የጻፉት አንዱ የወጣው የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በሚያሳትመው «ፊዚካል ሪቪው ኤ» ላይ ነው። በ2008 ደግሞ የኳንተም ብርሃንን መሠረታዊ ትምህርት የያዘ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። የሠሩት በስሌት ነው። ሌዘሩ፣ መስተዋቶቹ፣ አቶሞቹ ያሉት በወረቀትና በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ስለ አገራችን ሳይንስ ስናወራ «ላቦራቶሪ የለም» እንላለን፤ ልክ ነው፣ እንደልብ የለም፤ ማማረሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ላቦራቶሪ በሌለበት የትኛው ሥራ በዓለም ደረጃ ሊሠራ ይችላል ብሎ መጠየቅ ሌላ ብልህነት ነው። የኳንተም ብርሃን ስሌት እርሳስ፣ ወረቀት፣ ጊዜና ጎበዝ ተማሪ ይፈልጋል። አራት ኪሎ እነዚህ ነበሩት።

ጥያቄው ምን ነበር? ብርሃን፣ እጅግ የተጣራ ሌዘር እንኳ፣ ፈጽሞ ጸጥ አይልም። በጣም ጥቂት ይንቀጠቀጣል። መሣሪያው ስለተበላሸ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ሕጉ ግን አንድ ክፍተት ይተዋል። ብርሃን የሚንቀጠቀጥባቸው ሁለት ጎኖች ስላሉት አንዱን ጎን ጸጥ ማሰኘት ይቻላል፤ ሌላው ጎን ባሰበት ይላል እንጂ። የጥጥ ትራስ አስቡ። አንዱን ጫፍ ብትጫኑት ሌላው ጫፍ ያብጣል፣ ጥጡ የትም አይሄድም። ሳይንቲስቶቹም ይህን «የተጨመቀ ብርሃን» ይሉታል። ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሩቅ ጠፈር የሚመጣ የስበት ሞገድ የሚያዳምጡ ግዙፍ መሣሪያዎች አሉ፤ ከ2019 ጀምሮ ጆሯቸውን የሚያጠሩት በተጨመቀ ብርሃን ነው። የሚለኩት ነገር ከአቶም እምብርት እጅግ ያነሰ ስለሆነ የብርሃኑ ንቅጥቃጤ ራሱ ይረብሻቸዋል።

የፍሥሐ ካሳሁንና የተማሪዎቻቸው ሥራ እንዲህ ያለውን ብርሃን የሚያመነጭ ሌዘርን ማስላት ነው። ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል ላይ የቆመ ልጅ ይታያችሁ። ልጁ አቶሙ ነው። ከላይኛው ደረጃ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ በየደረጃው አንድ አንድ የብርሃን ፍሬ ይለቃል። ሁለቱ ፍሬዎች መንታ ናቸው፤ አንዱ ያለሌላው ታሪክ አይነገርም። እንዲህ ያሉ አቶሞች በሁለት መስተዋቶች መካከል እያለፉ መንታ ብርሃናቸውን ሲያጠራቅሙ፣ ያ ብርሃን ከመስተዋቱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ሲሾልክ፣ ምን ያህል የተጨመቀ ይሆናል? ስሌቱ ገጽ በገጽ ይወርዳል። አንድ ምልክት ከተሳተ ሁሉም እንደገና ነው።

ከተማሪዎቻቸው አንዱ እዮብ አለባቸው ናቸው። ሁለቱ በ2006 አብረው ያሳተሙት ጥናት በዚያ ባለሦስት ደረጃ ሌዘር ውስጥ አንድ ተጨማሪ ክሪስታል ቢገባ ምን እንደሚሆን የሚያሰላ ነው፤ ክሪስታሉ አንድ የብርሃን ፍሬ ተቀብሎ ሁለት አድርጎ የሚያወጣ ዓይነት ነው። በዚያው ዘመን ሌላው የአራት ኪሎ ሰው ስንታየሁ ተስፋ ስለ ባለሦስት ደረጃ ሌዘር መንታ ብርሃን በዚያው በ«ፊዚካል ሪቪው ኤ» ጻፉ። ስንታየሁ በኋላ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነው፣ ጀርመን ድሬስደን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋምም እየሠሩ ቀጠሉ፤ በ2020 ስፕሪንገር የተባለው አሳታሚ የብርሃን ኳንተም ሂደቶችን የሚያስተምር መጽሐፋቸውን አወጣ። ከዲላ! ሲዳማና ጌዴኦ ቡና እንጂ የኳንተም ጥናት ይወጣቸዋል ብሎ የጠበቀ ካለ እጁን ያውጣ። ይኸው መስክ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ገብቷል፤ ጅማ ደግሞ ለነቀምቴ ሰው በበደሌ መንገድ የሚሄዱበት ጎረቤት ነው።

አንድ የጎን ነገር ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁን ይመለከታል። የውጭ መጽሔት ሰውን የሚመዘግበው በመጨረሻ ስሙ ነው። በኛ አገር የመጨረሻ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ፍሥሐ በብዙ ጥናቶቻቸው ላይ «ኬ. ፍሥሐ» ተብለው ይገኛሉ፤ አባታቸው ካሳሁን አንድ ፊደል ሆነው ቀርተዋል። እዮብ ደግሞ አራት ኪሎ ሳሉ የጻፉት በአባታቸው ስም ተመዝግቦ፣ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ ያለው በሦስተኛ ስማቸው ስለወጣ፣ መዝገቡን ለሚያየው እንግዳ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። ልጃችሁ የመጀመሪያ ጥናቷን ከማሳተሟ በፊት በየትኛው ስሟ እንደምትታወቅ ትወስን።

እዮብ ከአራት ኪሎ በኋላ ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እዚያ አብረዋቸው ከጻፉት አንዱ ማርላን ስካሊ ናቸው፤ አራት ኪሎ ላይ በእርሳስ የሚሰላው የሌዘር ዓይነት ሲነሣ ስማቸው ከፊት የሚጠራ ሰው። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ፣ ሪቨርሳይድ፤ እዚያ ከአሌክሳንደር ኮሮትኮቭ ጋር ሠሩ። ጉዳዩ ከመስተዋትና ከሌዘር ወጥቶ ወደ ኳንተም ኮምፒውተር የገባው እዚህ ላይ ነው።

የኳንተም ኮምፒውተር ልብ ኪዩቢት ይባላል። በቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዑደት ሲሆን ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ከሚባለው የመጨረሻ ቅዝቃዜ የአንድ ዲግሪ መቶኛ ያህል ብቻ ከፍ እስኪል ሲቀዘቅዝ እንደ ሰው ሠራሽ አቶም ይሆናል። ችግሩ ይህ ነው፦ ኪዩቢቱ የያዘውን ለማንበብ በር መክፈት ግድ ነው፣ በሩ ሲከፈት ግን ኪዩቢቱ የያዘው ጉልበት በዚያው ይሾልካል፤ የምታነቡት ነገር ሳታነቡት ይጠፋል። ኤድዋርድ ፐርሰል የተባለ ፊዚሲስት አቶም ያለበት ቤት በራሱ ጉልበቱን እንደሚያስፈጥንበት ወይም እንደሚያዘገይበት በ1946 ጽፎ ነበር፤ ይህ የሱ ሌላ ገጽታ ነው። መፍትሔው ወንፊት ነው። የንባቡ ምልክት በአንድ ድግግሞሽ፣ የኪዩቢቱ ጉልበት በሌላ ድግግሞሽ ስለሚጓዙ የመጀመሪያውን የሚያሳልፍ፣ ሁለተኛውን የሚያስቀር ማጣሪያ በሩ ላይ ይደረጋል።

የዚህን ወንፊት የኳንተም ንድፈ ሐሳብ በስሌት ያስቀመጠ ጥናት በ2015 በ«ፊዚካል ሪቪው ኤ» ወጣ። ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስም እዮብ ነው። ሦስተኛው ኮሮትኮቭ። የመካከለኛው ጆን ማርቲኒስ፤ በ2025 ከጆን ክላርክና ከሚሼል ዴቮሬ ጋር የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት። ሦስቱ የተሸለሙት በ1984 እና በ1985 በርክሌይ ላይ ባደረጉት ሙከራ ነው፤ የኳንተም ሕግ በእጅ በሚያዝ የኤሌክትሪክ ዑደት ላይም እንደሚታይ ያሳዩበት፣ ለኪዩቢቱ መንገድ የከፈተ ሥራ።

አሁን ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አራት ኪሎ ላይ፦ በሁለት መስተዋቶች መካከል የታሰረ ብርሃን፣ ውስጡ ያለ አቶም፣ ወደ ውጭ የሚሾልክ ጉልበት። ካሊፎርኒያ ላይ፦ በዑደት ውስጥ የታሰረ ሞገድ፣ ውስጡ ያለ ሰው ሠራሽ አቶም፣ ወደ ውጭ የሚሾልክ ጉልበት። እንደኔ አስተያየት እነዚህ ሁለት ትምህርቶች አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ያኔ «ይህ ሁሉ ስሌት ለምን ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀ ዘመድ ቢኖር ሐቀኛው መልስ «ገና አናውቅም» ነበር። የጠቀመው ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ አህጉር፣ ሌላ ስም ባለው ማሽን ላይ ነው። እዮብ ወደ ሪጌቲ ኮምፒውቲንግ ገቡ፤ ኩባንያው ኳንተም ኮምፒውተር ይሠራል። በ2016 ከኩባንያው መሥራች ከቻድ ሪጌቲና ከሌላ ባልደረባ ጋር የማሽኑን አሠራር ንድፍ ጻፉ፤ በ2021 ደግሞ ኪዩቢቶችን አንዱን ከሌላው የሚያገናኝና እንደ አስፈላጊነቱ የሚለያይ ክፍል ላይ የተሠራ ጥናት በስማቸው ቀዳሚነት ወጣ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ ይህን ያደርጋል።

ግን ይህን ጽፌ ባበቃ አታልላችኋለሁ። እናንተም ወላጆች ናችሁ፣ የአንድ ሰው መንገድ የሁሉም መንገድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ፊዚክስ ተምሮ ካሊፎርኒያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው መምህር ይሆናል፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። የምርምሩ መንገድ ደግሞ ረጅም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት፣ ሁለተኛ ዲግሪ ሁለት፣ ሦስተኛው አራት ወይም አምስት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ የድኅረ ዶክትሬት ሥራ አለ። በኩር ልጅ ከሆነች፣ ታናናሾቿ ደብተርና ዩኒፎርም ከእሷ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ይህ ዐሥር ዓመት የሷ ብቻ አይደለም። የቤቱ ሁሉ ነው። «ልጄ ጎበዝ ናት፣ ትማር» ማለትና «ልጄ እስከ ሠላሳ ዓመቷ ገንዘብ አትላክ» ማለት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውን ሳይነጋገሩ የመጀመሪያውን ያሉ ቤተሰቦች በኋላ ሲቀያየሙ አይቻለሁ፤ ልጅቷ አላወቀችም፣ እነሱም አልነገሯትም።

ስለዚህ ምደባው ሲወጣ የምመክረው ሁለት ንግግር ነው፤ በሁለት የተለያየ ምሽት ቢሆን ይሻላል። አንደኛው ስለ ገንዘብ፦ ቤቱ ከሷ መቼ፣ ምን ይጠብቃል? በግልጽ፣ በቁጥር። ሁለተኛው ስለ ትምህርቱ፦ ፊዚክስን በእርግጥ ጠልታው ነው ወይስ እኛ ፊታችንን ስላጠቆርን ነው የከፋት? ብዙዎቹ ልጆች ሁለተኛው ናቸው ብዬ እገምታለሁ። የጠላችውን ግን አታስገድዷት፤ ገጽ በገጽ የሚወርድ ስሌት በግድ አይሠራም።

ወለጋ ውስጥ ያላችሁ ወላጆች ልትጨምሩበት የሚገባ ነገር አለ። ልጃችሁ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብና ሳይንስን የተማረችው በአፋን ኦሮሞ ነው። «ሁምና» ስትል ጉልበትን፣ «ሰፊሳ» ስትል ፍጥነትን በልጅነት አንደበቷ ተረድታዋለች። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ሁሉም በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ልጅ «ፊዚክስ ከባድ ነው» የሚለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው፤ የከበደው ግን ፊዚክሱ ላይሆን ይችላል። ሐሳቡን በመጀመሪያ ቋንቋዋ አስባ ከዚያ በእንግሊዝኛ ብትጽፈው የሚቀንስባት ነገር የለም። እንዲያውም አንድን ነገር በሁለት ቋንቋ ማስረዳት የምትችል ተማሪ ነገሩ በእርግጥ ገብቷታል።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ነቀምቴ ላይ ሆኖ ዲግሪ መያዝ ይቻላል፤ ጊምቢና ሻምቡም ካምፓሶች አሉት። ከዲግሪ በኋላ ላለው ግን ቤተሰብ የማያውቃቸው በሮች ስላሉ ልጥቀስ። ጣሊያን ትሪየስቴ ላይ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በ1964 ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል አለ። ዓላማው እንደኛ ካሉ አገሮች የሚመጡ ፊዚሲስቶችን ማገዝ ሲሆን የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርቱን ወጪ ራሱ ይሸፍናል። የዚሁ ማዕከል አጋር የሆነ የምሥራቅ አፍሪካ ተቋም ከ2018 ጀምሮ ኪጋሊ ይሠራል፤ ኪጋሊ ቅርብ ናት። አይ.ቢ.ኤም. ደግሞ ከ2016 ጀምሮ እውነተኛ የኳንተም ኮምፒውተር በኢንተርኔት ከፍቷል። ነቀምቴ የተቀመጠች ተማሪ ከላፕቶፕዋ ትእዛዝ ልካ ኒው ዮርክ ያለ ኪዩቢት ልታሠራ ትችላለች፤ ኢንተርኔቱ እስካለ ድረስ። በሌለበት ወር እርሳስና ወረቀቱ አለ፤ የአራት ኪሎዎቹም በዋናነት የሠሩት በዚያው ነው።

ገና ዘጠነኛ፣ ዐሥረኛ ክፍል ያለች ልጅ ያላችሁ ደግሞ ምደባውን አትጠብቁ። ይህን ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ከሰሉ ለምን ቀይ እንደሆነ፣ ሰማያዊ ያልሆነበትስ ምክንያት ምን እንደሆነ ለታናሽ ወንድሟ በአፋን ኦሮሞ ታስረዳው። ልጁ «አልገባኝም» ካለ እስከ ሦስተኛው ስኒ ጊዜ አላት።